ደጋግሞ የሚቃጠል የፒክአፕ ሞተሪኖ፦ ይታደስ፣ ያገለገለ ይገዛ ወይስ አዲስ?

ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው የኤሌክትሪክ ሞተር) አንድ ጊዜ ሲበላሽ ዕድሜው አልቆ ነው ማለት ይቻላል። በዓመቱ ሁለተኛው፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሦስተኛው ሲከተል ግን «የትኛውን ልግዛ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የሚገድለው ምንድን ነው?» መባል አለበት። ብዙ የፒክአፕ ባለቤቶች የሚሄዱት በተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያውን ያሳድሳሉ፣ ሁለተኛውን ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገዛሉ፣ ሦስተኛውን አዲስ ያስገጥማሉ፣ አዲሱም ሲቃጠል ሻጩን ይወቅሳሉ። ሻጩ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። ነገር ግን ባትሪው የደከመ፣ ኬብሉ ውስጥ ለውስጥ የተበላ ወይም ሞተሩ ለመነሣት የሚያስቸግር መኪና ላይ የተገጠመ ሞተሪኖ ከየትም አገር ቢመጣ አይበረክትም። ደጋግሞ የሚሞት ሞተሪኖ በአብዛኛው ተበዳይ ነው፤ በዳዩ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ተጠርጣሪዎቹን፣ ማለትም ባትሪውን፣ ኬብሉን፣ የቁልፉን መስመር፣ ሞተሩንና ራሱን ሞተሪኖውን አንዱን ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። ማደስን ከመግዛት፣ ያገለገለውን ከአዲሱ ማነጻጸር ትርጉም የሚኖረው ከዚያ በኋላ ነው። ምሳሌ የማደርገው በየገጠሩ መንገድና በየግንባታ ቦታው የምናየውን የቶዮታ ሃይሉክስ ናፍጣ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ በመጣው ትውልድ ላይ ደግሞ 2ኬዲና 1ኬዲ የሚባሉት ሞተሮች አሉ። ኢሱዙ ዲማክስ ወይም ሚትሱቢሺ ኤል 200 የያዘ ሰውም አካሄዱን እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ

ቴስተር ከመያዝዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ያድምጡ። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑም የተያዘ ይሁን።

«ጣጣጣጣ» እያለ በፍጥነት የሚደጋገም ድምፅ የኤሌክትሪክ እጥረት ምልክት ነው። ሞተሪኖው ላይ ባለው በሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ በሚሳበው ማብሪያ) ውስጥ ሁለት ጥምጥሞች አሉ፤ አንዱ ይስባል፣ ሌላው የተሳበውን ይዞ ያቆያል። ከባዱ መስመር ሲገናኝ ሞተሪኖው ያለውን ኤሌክትሪክ ይወስድና ቮልቱ ይወድቃል፤ ይዞ የሚያቆየው ጥምጥም አቅም ያጣና ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቱ ይመለስና እንደገና ይስባል። ይህን ድምፅ ሰምቶ ሞተሪኖ ማስፈታት ገንዘብ መጣል ነው። ወደ ባትሪውና ወደ ኬብሎቹ ይሂዱ።

አንድ ጠንካራ «ቋ» ብቻ ተሰምቶ ጸጥ ካለ፣ የፊት መብራቱም ካልደበዘዘ፣ ሶሌኖይዱ ሥራውን ሠርቷል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ወደ ሞተሪኖው ሆድ አልገባም። ተጠርጣሪዎቹ በሶሌኖይዱ ውስጥ ከባዱን መስመር የሚያገናኙት የመዳብ ኮንታክቶችና ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፉት ካርቦኖች ናቸው። ቶዮታ ላይ በብዛት በሚገኘው የዴንሶ ሞተሪኖ የተለመደው ሕመም ይኸው ነው፤ ቁልፉን ብዙ ጊዜ ሲመላልሱት አንዱ ላይ ይነሣል፣ በማግስቱ ደግሞ ይብሳል። «ቋ» ሲል መብራቱ ጭልምልም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ እየፈሰሰ ነው፤ ወይ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይ ሞተሪኖው ውስጡ ተጣብቋል፣ ወይ ሞተሩ ራሱ አልዞርም ብሏል።

ምንም ድምፅ ከሌለ ትእዛዙ አልደረሰም ማለት ነው። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ፣ ፊዩዙ፣ ሪሌው፣ በፍሪሲዮን ፔዳል ሥር ያለው ማብሪያ (ይህ ባላቸው መኪናዎች ላይ) ይመረመራሉ። በኋላ የተጨመረ የማንቂያ ደወል ወይም የጂፒኤስ መከታተያ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ይጠርጥሩ፤ እነዚህ መሣሪያዎች መኪና እንዳይሰረቅ ብለው የማስነሻውን ሽቦ ቆርጠው በመካከሉ ስለሚገቡ፣ መጋጠሚያቸው በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሆኖ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ሞተሪኖው ብቻውን «ዥዥ» ብሎ ሲሽከረከር ሞተሩ የማይዞር ከሆነ ቤንዲክሱ (የሞተሪኖውን ጥርስ ወደፊት አውጥቶ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) እየሸራተተ ነው ወይም ወደፊት አልወጣም። ብረት ከብረት የሚፋጭበት ድምፅ የቮላኖውን (ሞተሪኖው የሚያዞረውን፣ በሞተሩ ጫፍ ያለውን ትልቅ የብረት ክብ) ጥርስ ያሳያል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው ሁልጊዜ ከሁለት ቦታዎች በአንዱ አካባቢ ስለሆነ የቮላኖው ጥርስ የሚበላውም እነዚያ ሁለት ቦታዎች ላይ ነው። ማርሽ አስገብተው መኪናውን ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ሲያንቀሳቅሱት፣ ዜሮ መልሰው ሲሞክሩም የሚያስነሣ ከሆነ፣ ወይ የቮላኖው ጥርስ ወይ ሞተሪኖው ውስጥ ካርቦኖቹ የሚነኩት የመዳብ ቀለበት የሞተ ቦታ አለው።

ከሁሉም አሳሳቹ እያቃሰተ ቀስ ብሎ የሚዞረው ነው። ደካማ ባትሪ፣ የተበላ ኬብል፣ ውስጡ የታመመ ሞተሪኖና የከበደ ሞተር አራቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማሉ። በጆሮ ብቻ ፈርዶ ሞተሪኖ የሚያስቀይር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቴስተሩ የሚለያቸው

መደበኛ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል፤ ዲሲ አምፔር የሚለካ መቆንጠጫ ቴስተር ከተገኘ ደግሞ ሥራው ይቀላል። ለልኬቱ ሲባል ሞተሩ እንዳይነሣ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ከናፍጣ ፓምፑ መዝጊያ ላይ ያለውን ሽቦ መንቀል ይቻላል።

መኪናው ካደረ በኋላ ከመነሣቱ በፊት ባትሪውን ይለኩ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ወደ ባዶነት የተጠጋ ነው። ይህ ልኬት ግን ብቻውን አይታመንም፤ ቆሞ 12.6 የሚያሳይ ባትሪ ሥራ ሲሰጠው ሊወድቅ ይችላል። ቁልፉ ዞሮ ሞተሪኖው እየሠራ ሳለ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ይጠረጠራል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ደግሞ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም፣ ባትሪው ሁልጊዜ እንደተራበ ያድራል፤ ከ15 ከበለጠ ደግሞ ባትሪውን እያፈላ ይገድለዋል።

ቮልቱ ሲወድቅ ባትሪው ራሱ ደክሞ ይሁን ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየወሰደ፣ ይህን የሚፈታው አምፔር ነው። የዚህ ዓይነት ናፍጣ ሞተር ሲነሣ ከ200 እስከ 400 አምፔር ቢወስድ የሚጠበቅ ነው። ቀስ ብሎ እየዞረ ከዚያ እጅግ የበለጠ አምፔር የሚወስድ ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው ሜካኒካዊ ነው፤ የሞተሪኖውን ዘንግ የሚይዘው ቦኮላ ወይም ኩሽኔታ ተበልቶ ሮተሩ (የሚሽከረከረው ክፍል) ግድግዳውን እየነካ ነው፣ ካልሆነም ሞተሩ ከብዷል። ቀስ ብሎ እየዞረ አምፔሩም ትንሽ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ደክሟል ወይም ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ የሚያግደው ነገር አለ። አንድ ቁጥር ሁለቱን የጥፋት ዓይነቶች ይለያል። መቆንጠጫ ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን ጋር መሄድ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። መሣሪያው ከሌለ ጤነኝነቱ የታወቀ ሌላ ባትሪ ቀይሮ መሞከር ግማሹን መልስ ይሰጣል።

ኬብሉ ላይ ጊዜ እንዲያጠፉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ደጋግመው ከሚሞቱ ሞተሪኖዎች ጀርባ ይህ ተጠርጣሪ ሳይመረመር ሲታለፍ ብዙ ጊዜ ይታያል። አለካኩ ቀላል ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እርሳስ ላይ (በማሰሪያው ላይ አይደለም)፣ ሌላውን ወፍራሙ ኬብል በሚታሰርበት የሞተሪኖው ቡሎን ላይ ይያዙ። ቁልፉ ሲዞር የሚታየው ቁጥር በኬብሉና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የጠፋው ቮልት ነው፤ ከ0.5 መብለጥ የለበትም። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሪኖው አካል ላይ አድርገው ይድገሙት፤ እዚህ ከ0.3 ከበለጠ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር ታሟል።

አንዳንዱ ኬብሉን ነቅሎ በቴስተሩ ጩኸት ይፈትሽና «ደህና ነው» ይላል። ይህ ምንም አያሳይም። በ300 አምፔር ላይ 0.003 ኦም ብቻ ያለው መጋጠሚያ 0.9 ቮልት ይበላል፤ ይህን ያህል ትንሽ እንቅፋት በተራ ቴስተር የኦም መለኪያ አይታይም፣ ጩኸቱም ያው ነው። ከመቶ የመዳብ ክሮች አሥሩ ብቻ የቀሩት ኬብልም ይጮኻል። ጥፋቱ የሚገለጠው ጭነት ሲኖር ብቻ ነው።

የማሳው መስመር ሦስት ነገሮችን ያገናኛል፦ ባትሪውን፣ ሻንሲውንና ሞተሩን። ሞተር ወርዶ ከተሠራ በኋላ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው ወይም ወደ ቦዲው የሚሄደው የተጎነጎነ የማሳ ሽቦ ተረስቶ ወይም ከቀለም በላይ ታስሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ የመመለሻ መንገድ ይፈልግና በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ በነዳጅ መስጫው ቀጭን ገመድ በኩል ይሄዳል። የገመዱ ፕላስቲክ ሽፋን ሞተሩ አጠገብ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ካዩ፣ ፔዳሉም ከባድ ሆኖ ከተሰማዎት፣ ሞተሪኖ ከመግዛትዎ በፊት ማሳውን ያሠሩ። ማሳው የሚታሰርበት ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈተግ፣ ከታሰረ በኋላም በግሪስ ይሸፈን።

የመጨረሻው ልኬት ሶሌኖይዱን በሚቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ቁልፉ ሲዞር እዚያ ወደ 10 ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መኖር አለበት። 8 ቮልትና ከዚያ በታች ከሆነ ሶሌኖይዱ በዝግታና በድካም ይስባል፤ ኮንታክቶቹ በደንብ ሳይገናኙ እየፈነጠቁ ይቃጠላሉ። አዲስ ኮንታክት በጥቂት ወራት የሚበላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መድኃኒቱ ያረጀውን የቁልፍ ማብሪያ መቀየር፣ ወይም ከባትሪው በቀጥታ የሚወስድ ሪሌ ሞተሪኖው አጠገብ ማስገባት ነው።

የሞተውን ሞተሪኖ ሳይጥሉ ያስከፍቱት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አሮጌውን ሞተሪኖ ለሻጩ አስረክቦ አዲስ ይዞ መሄድ ማስረጃውን መጣል ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ፊትዎ ይክፈተው፤ በሞተሪኖው ውስጥ የሚታየው የአሟሟቱን ምክንያት ይናገራል።

ካርቦኖቹ አጥረው፣ ኮንታክቶቹ ተበልተው፣ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ያረጀ ሞተሪኖ ነው። በዴንሶው ላይ የሶሌኖይዱን ክዳን የያዙት ብሎኖች ሲፈቱ በግራና በቀኝ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች፣ በመካከላቸውም የመዳብ ሳህን ያለበት ዘንግ ይታያል። አዲስ ኮንታክት ወፍራምና ጠፍጣፋ ነው፤ ያረጀው መካከሉ ተቦርቡሮ ጠርዙ ብቻ ይቀራል፣ ብዙ ጊዜም አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይበላል። ሳህኑ ከአንዱ ጋር እየተገናኘ ሌላውን የማይነካው ለዚህ ነው።

የሮተሩ ጥምጥም ሁሉ እኩል ጠቁሮ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሚሸት ከሆነ ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ በጭነት ሠርቷል። ይህ ሁለት መነሻ አለው። ወይ ሞተሩ ቶሎ አይነሣም፣ ወይ ቮልቱ ያንሳል። ቮልት ሲያንስ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ደግሞ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የሞቀ መዳብ ደግሞ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያግዳል። በ50 ዲግሪ ሲሞቅ የመዳብ ጥምጥም እንቅፋት 20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዋሽን አልፎ ወደ አፋር ቆላ የወረደ ፒክአፕ በቀትር ቆሞ አልነሣ ሲል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነሣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥምጥሞቹ ከቦታቸው ተስፈንጥረው ወጥተው ከሆነ የፍጥነት ሞት ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሞተሪኖው አልለቀቀም ማለት ነው። የቮላኖው ጥርሶች ከሞተሪኖው ጥርሶች አሥር እጥፍ ገደማ ይበዛሉ፤ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ትንሿ ጥርስ ወደ 20,000 ትጠጋለች። እዚህ ላይ ቤንዲክሱ ተጣብቋል፣ ወይም የቁልፉ ማብሪያ፣ ሪሌው ወይም ኮንታክቱ አልለቅ ብሏል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ሞተሪኖ መግጠም ሁለተኛውንም ለተመሳሳይ ሞት መስጠት ነው።

ዘይት ውስጥ የገባ ሞተሪኖ ካርቦኑ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ከላይ የሚያንጠባጥበው የቫልቭ ክዳን ጋኬት ወይም በቮላኖው በኩል ያለው የዘይት ሲል ሳይዘጋ ማደሱ ዋጋ የለውም። ዝገትና አሸዋ የወንዝ መሻገርን ወይም በግፊት ውኃ መታጠብን ያሳያል። አፍንጫው የተሰነጠቀ ወይም ጥርሱ የተሸረፈ ደግሞ የላላ ቡሎን፣ የማይመጥን ሞተሪኖ፣ ወይም ሞተሩ ገና ሳይቆም የዞረ ቁልፍ ሥራ ነው።

ሞተሩ ራሱ ሲሆን በዳዩ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ናፍጣ የሚቀጣጠለው ደግሞ በታመቀ አየር ሙቀት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ማለዳ ላይ ካንዴሌታው (ከመነሣቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ዕቃ) ያልሠራ ሞተር ብዙ ዞሮ ነው የሚነሣው። የመኪናው ባለቤት ይህን አያስተውለውም፤ «ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያስቸግራል» ብሎ ይለምደዋል። ያ «ትንሽ» በየማለዳው ሲደጋገም ነው ጥምጥሙን የሚጠብሰው። የካንዴሌታዎቹ እንቅፋት በኦም ሲለካ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ቴስተሩ ምንም መገናኛ ካላሳየ ካንዴሌታው ተቃጥሏል።

ሌላው ድብቅ ገዳይ በናፍጣ መስመር የሚገባ አየር ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መኪናው ቀን ሲውል ወዲያው ይነሣል፣ ካደረ ግን ብዙ ይዞራል፤ ከማስነሣቱ በፊት ማጣሪያው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ሲገፋ ደግሞ ወዲያው ይነሣል። ናፍጣው ሌሊት ወደ ሰልባትዮው (የነዳጅ ጋኑ) እየተመለሰ ነው። የሚያስፈልገው አንድ የጎማ ቱቦ ወይም የማጣሪያ ጎማ ነው፤ ዋጋው ከሞተሪኖ ጋር አይወዳደርም። ኮምፕሬሽን (አየር የማመቅ አቅሙ) የወረደበት ሞተር ግን ሌላ ምዕራፍ ነው፤ እሱ እስኪሠራ ድረስ የሚገጠም ማንኛውም ሞተሪኖ ዕድሜው አጭር እንደሚሆን አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

እስከዚያው አንድ ልማድ ይያዙ፦ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ካልተነሣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት።

አሁን ምርጫው

ተጠርጣሪዎቹ ተለይተው ሞተሪኖው ራሱ መሠራት ወይም መለወጥ ካለበት አምስት መንገዶች አሉ፤ እኩል አይደሉም።

ሞተሪኖው መኪናው ሲገዛ የነበረው የዴንሶ ሥራ ከሆነ፣ የተበላውም ኮንታክትና ካርቦን ብቻ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት እነዚህን መቀየር እመርጣለሁ። ከሁሉም ርካሹ ነው፤ በብዙ ሁኔታም ከአዲስ ርካሽ ሞተሪኖ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ዋናው አካል፣ ኩሽኔታውና ጥርሱ የመጀመሪያው ጥራት ያላቸው ናቸውና። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ኮንታክቶቹ ጥንድ ሆነው፣ ከነሳህኑ ዘንግ ጋር ይቀየሩ፤ አዲስ ኮንታክት ካረጀ ሳህን ጋር እኩል አይገናኝም። ሁለተኛው ትንሽ የብረት ኳስ ናት፦ በዴንሶው ውስጥ በሶሌኖይዱ ዘንግና በቤንዲክሱ ዘንግ መካከል ትቀመጣለች፣ ሲፈታ ወድቃ ትጠፋለች። ያለ እሷ የተገጠመ ሞተሪኖ ጥርሱን በትክክል ወደፊት አይገፋም፤ «ታድሶም አልሠራ አለ» የሚባልበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ይህቺው ኳስ ናት።

የተቃጠለ ሮተር ወይም ጥምጥም ማስጠምጠም ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። በእጅ የተጠመጠመ ሽቦ ውፍረቱ፣ ቫርኒሹና የሚዛን ልኩ ከፋብሪካው ጋር እኩል እንዲሆን ትልቅ ሙያ ይጠይቃል፤ ይህን በብቃት የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ነገር ግን ሥራቸውን የሚያውቁት ካልሆኑ ዕጣ መጣል ነው። መለዋወጫ በማይገኝበት አሮጌ ሞዴል ላይ ግን ከዚህ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል።

ያገለገለ ኦሪጅናል ከሶማሌ ተራም ሆነ ከዱባይ የመጣ ለብዙ ሰው ተመራጭ ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ውስጡ ሳይከፈት አይገዛ። ከዕቃው ጋር የሚገዙት ያለፈ ታሪኩንም ነው፤ ውጭው ታጥቦ ቀለም የተቀባ ሞተሪኖ ስለ ካርቦኑ ምንም አይናገርም። ሱቁ ውስጥ በባትሪ ሲሞከር «ዥው» ብሎ መሽከርከሩም ብዙ አያረጋግጥም፤ ጭነት የሌለው ሞተሪኖ ካርቦኑ ሊያልቅ የቀረበም ቢሆን ይሽከረከራል። ያስከፍቱት፣ ካርቦኑን፣ የመዳብ ቀለበቱንና ኮንታክቱን ይዩ፣ ሮተሩን በጣት ሲገፉት ወደ ጎን የሚጫወት ከሆነ ይተዉት። ከዚያ አዲስ ኮንታክትና ካርቦን አስገብተው ይግጠሙት። ይህን የሚፈቅድ ሻጭ ጋር ይግዙ።

አዲስ ግን የዋናው አምራች ያልሆነው በየመደርደሪያው በብዛት የሚገኘው ነው። ጥራቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ካርቶኑ ላይ የታተመው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከመግዛትዎ በፊት ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው ያስተያዩት። በሞተሪኖው አካል ላይ ባለው የመረጃ ጽሑፍ 12 ቮልት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከጭነት መኪና የመጣ 24 ቮልት ከውጭ ሲያዩት ሊመስል ይችላል። ኪሎዋቱን ያንብቡ፤ ለቤንዚን ሞተር የተሠራ 1.4 ኪሎዋት የናፍጣን ሥራ አይችልም፣ ለናፍጣው 2.0 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ጥርሱን ይቁጠሩ፣ የቡሎኖቹን ቀዳዳና የአፍንጫውን ርዝመት ይለኩ። በክብደትም ያወዳድሩ፤ በእጅ ሲይዙት በግልጽ የሚቀል ከሆነ መዳብ ወይም ብረት ተቆጥቧል። ዋስትናው ቢያንስ ስድስት ወር ካልሆነ ያገለገለውን ኦሪጅናል እመርጣለሁ።

አዲስ ኦሪጅናል ከሁሉም ውድ ነው። መኪናው በየቀኑ ከከተማ ርቆ የሚሠራ፣ ቆሞ ቢያድር ኪሳራው የሚበዛ ከሆነ ግን ዋጋው ይገባዋል። ከጎጃም ገጠር ወይም ከቦረና ቆላ መኪና ማስጎተት ከሞተሪኖው ዋጋ ጋር የሚወዳደርበት ጊዜ አለ። ከተማ ውስጥ ለሚንቀሳቀስ መኪና ይህን ያህል ማውጣት አስፈላጊ አይመስለኝም። ስጋቱ ተመስሎ ተሠርቶ በኦሪጅናል ስም የሚሸጠው ነው፤ የመለያ ቁጥሩ በሞተሪኖው አካል ላይ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ሳያዩ አይክፈሉ።

ዘመድ ከውጭ ያምጣልኝ ለሚሉም አንድ ቃል። ከዱባይ ወይም ከሳዑዲ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሃይሉክስ በሰፊው ይሠራል። ከአሜሪካ ግን ተስፋ አያድርጉ። የናፍጣ ሃይሉክስ እዚያ ገበያ ላይ የለም፤ በሱቆቹ የሚገኘው ለቤንዚን ሞተሮች የተሠራ ነው፣ መልኩ ቢመሳሰልም ላይገጥም ይችላል። አሮጌውን ፎቶ አንሥተው፣ በላዩ የታተመውን ቁጥር በግልጽ ጽፈው ሳይልኩ ማንንም አያስቸግሩ።

ሲገጠም

የባትሪው ኔጋቲቭ ሳይነቀል ሞተሪኖ አይነካ፤ ወፍራሙ ኬብል ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት፣ መፍቻው ሻንሲውን ሲነካ ይቃጠላል፣ እጅም ያቃጥላል። ሞተሪኖው የሚያርፍበት ገጽ ከዝገትና ከቀለም ይጽዳ፤ ማሳውን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። ሞተሪኖው ወጥቶ ሳለ በቀዳዳው በኩል የእጅ ባትሪ እያበሩ፣ ሞተሩን በክራንኩ ቡሎን በመፍቻ እያዞሩ የቮላኖውን ጥርስ ዙሪያውን ሁሉ ይዩ፤ ይህን ለማድረግ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ወፍራሙን ኬብል የሚያስረው ዳዶ በደንብ ይጥበቅ፣ ግን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የሶሌኖይዱን ክዳን ይሰብራል።

ከተገጠመ በኋላ ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት አራቱ ልኬቶች እንደገና ይለኩ፦ ሲያስነሣ የባትሪው ቮልት፣ በፖዘቲቭ ኬብሉ ላይ የጠፋው፣ በማሳው ላይ የጠፋው፣ በቀጭኑ ሽቦ ላይ የደረሰው። ቁጥሮቹንና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ከመኪናው ሰነድ ጋር ያስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ ሞተሪኖው ሲዘገይ እነዚያኑ አራት ነጥቦች ለክተው ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ፤ የተለወጠው ቁጥር በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ካወቁ ጋራዡ ውስጥ የሚያስፈቱትም ያንኑ ብቻ ይሆናል።